በአመድና በሎሚ የተፈተነው መስቀል

ለምወድህ ወንድሜ ለጌቱ ታረቀኝ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ሶልያናና ልጃችሁ ዜማስ ደኅና ናቸው? ያ ሳል ተወህ? የወርቅ መንከሪያው ፈሳሽ እጅህን እንዳያቃጥልህ ጓንት አጥልቅ ብዬ ብዬ ሰለቸኝ። እኛ ተመስገን ነው፤ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም።

ጌትዬ፣ በስልክ ስናገርህ ጆሮዬ ላይ ስለዘጋህብኝ በወረቀት ጻፍኩልህ፤ ወረቀት አይዘጋም። የላክህልኝን ሠላሳ ወርቅ ቅብ የእጅ መስቀል ለሱቄ አልቀበልም፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሃለሁ።

ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ አባባ አምና የላክህላቸውን መስቀል እንደ ድሮው የናስ መስቀላቸው በአመድና በሎሚ ፈተጉት። በማግስቱ ሕዝቡ ሲሳለም የወርቁ ቅርፊት በእማሆይ ወለተ ሰንበት ከንፈር ላይ ተለጥፎ ቀረ። እሳቸውማ «በረከቱ እኔ ላይ ቀረ» ብለው ሰዉን አሳቁት። አባባ ግን መስቀሉን በጋቢያቸው ሸፍነው ገቡ። አንጀቴን በሉት።

አንተ ደግሞ «ማን በአመድ ፈትጉ አላቸው?» አልከኝ። አይ ያንተ ነገር! እዚህ አገር ለንግሥ መስቀል ሳይፈተግ ቀርቶ ያውቃል? የጎጃምን ካህን ሁሉ ዞሬ ላስተምር? ቅቡ ይጠንክር እንጂ።

እንግዲህ የምንስማማው እንዲህ ነው። መስቀሉ ከቅባት በደንብ ሳይጸዳ አይነከር፤ ከወርቁ በፊትም የኒኬሉ ቅብ ይቅደም። ከየአሥሩ አንዱን ራስህ በአመድና በሎሚ ፈትገው፤ ወርቁ ከለቀቀ አሥሩም ወደ መንከሪያው ይመለስ። መጀመሪያ ግርጌውን እይ፣ የሰው ከንፈር የሚያርፈው እዚያ ነው። ለሱቄ ለሚሠሩት ለሌሎቹ ሁለት ቀቢዎችም ይህንኑ ደንብ ሰጥቻለሁ። ለወንድሜ ባላላው ለእነሱ በምን ፊቴ እናገራለሁ? እጅህ ባለሙያ ነው፤ ጥድፊያው ነው ያበላሸህ።

የአባባንም መስቀል ላንተ ልልከው ጠቅልዬ ነበር። ከእጄ ነጠቁኝና «የልጄን ሥራ ለሹፌር አልሰጥም፤ ራሱ መጥቶ ይውሰደው፣ ራሱ ያምጣው» አሉ። ከመጣህ አራት ዓመትህ እኮ ነው! አሁን በእንጨት መስቀል ነው የሚባርኩት። ሰው ሲጠይቃቸው «የወርቁ ልጄ ዘንድ ነው» ይላሉ። መስቀሉ ግን አምበር፣ ይኸውልህ ሣጥናቸው ውስጥ ተቀምጧል። ቄስ ሆነው ሲዋሹ ሰምቼ የማላውቅ ሰውዬ!

ለጥምቀት ና፣ ወንድም ዓለም።

እናታችን አሰገደች ጉንጭህን እያገላበጠች ትስምሃለች። ባለቤቴ ሙላት ጤና ይስጥልኝ ብሎሃል። ሶልያናን በጣም ሳምልኝ። ዜማን ይዘሃት ና፤ አያቷ አንድ ቀን እንኳ ግንባሯን አሳልመዋት አያውቁም።

እህትህ የብርጓል
ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.