ስልኬን ለጫት መኪና አደራ ላሰጡኝ ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር የኢንተርኔት ከፋችና ዘጊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ማጥፊያውን የምትነካው ጣትዎም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከየመን ተሰድጄ ጅግጅጋ ላይ በልብስ ስፌት የምተዳደረው ሳሚር፣ ማረፊያ ለሰጠችኝ አገርዎ ያለኝ ምስጋና እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለደኅንነታችን ሲሉ ኢንተርኔቱን ስለዘጉበት ክረምት ጥቂት ቅሬታ ለማቅረብ ፈቃድዎን እለምናለሁ። አማርኛዬን ያረመችልኝ ጎረቤቴ መምህርት ንጋቷ ናት፤ ለይዘቱ ግን ብቻዬን ልጠየቅ።

፩. እናቴ እዚያው የመን፣ ኤደን ከተማ ውስጥ የአልጋ ቁራኛ ሆና ነበር። የቤቷ የስልክ መስመር በጦርነቱ ከተበጠሰ ወዲህ ድምፅዋን የምሰማው በጎረቤቷ ዋይፋይ፣ በዋትሳፕ ብቻ ነበር። አንዲት የታመመች አሮጊት እንዴት ለአገር ስጋት እንደሆነች እስካሁን አልገባኝም፤ ለነገሩ እንዲገባኝም የጠየቀኝ የለም። የሰፈሩ ጎረምሶች ቪፒኤን የሚባል መላ አስተምረውኝ ነበር። እሱ ግን የሚሠራው አንድ ሁለት አፕ ሲዘጋ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሲዘጉ እጅዎ አይሰስትም።

፪. ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚበሩት የጫት መኪኖች ድንበሩ ጋ ሲደርሱ የማዶውን ኔትወርክ ያገኛሉ። ስለዚህ የሰፈራችን ሰው ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከነምስጢር ቁጥሩ ለሾፌሩ ለጃማ መስጠት ለመደ። ጃማ የማዶ ሲም ካስገባበት ከራሱ ስልክ ለስልኮቻችን ኢንተርኔት ያጋራቸዋል፤ የእኛ መልእክት ይወጣል፣ የዘመድ መልእክት ይገባል፣ ስልኮቹም ጠግበው ይመለሳሉ። የአገር ምስጢር ሲጠበቅ የሰፈሩ ገመና በሙሉ አንድ የጫት ሾፌር እጅ ገባልዎ። እኔን የስደተኛ መታወቂያዬ ወደ ድንበር አያስጠጋኝም፤ ስልኬ ከባለቤቷ የተሻለ የመዘዋወር መብት ስላገኘች ክብረት ይስጥልኝ።

፫. ይህንን ስጽፍ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። ስልኬ ድንበር ላይ ሳለች እናቴ ደወለች። ጃማ የሰው ጥሪ አያነሣም፤ ደጋግማ ስትደውል ግን ጨነቀውና አነሣው። እሷም እኔ የሆንኩ መስሏት በስሜ ጠራችው። ጃማ ዐረብኛ የሚያውቀው ቁርኣን ቤት የቀሰመውን ያህል ነው፤ ልጅሽ አይደለሁም ሊላት ፈልጎ ቃሉ ጠፋው። እያለቀሰች ረጅም ነገር ነገረችው፤ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ኢንሻአላህ አላት። ደግማ ጠየቀችው፤ ኢንሻአላህ አላት። ከዚያ ድምፅዋ ረጋ አለና መረቀችው። ጃማ ለይቶ የሰማው ምርቃቷን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። በማግስቱ ምን ነበር የጠየቅሽኝ ብዬ ድምፄን ቀድቼ በእሱ እጅ ላክሁ፤ መልስ አልመጣም። በመልካም ፈቃድዎ ኢንተርኔቱ ሲከፈት መጀመሪያ የገባልኝ የቀብሯ ዜና ነው። ስለዚያ ጥሪ ጎረቤቷን ጠየቅሁ፤ እናትና ልጅ ብቻቸውን ይነጋገሩ ብላ ከክፍሉ ወጥታ ነበር።

ጃማን አልተቀየምኩትም፤ እኔም ብሆን እሺ ነበር የምላት። ግን ለእናቴ በስሜ ቃል ተገብቷል፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። እኅቴን እንዳመጣት ይሁን፣ አገሬ እንድገባ ይሁን፣ የተጣላሁትን ወንድሜን እንድታረቅ ይሁን፣ አላውቅም። የማላውቀውን ቃል እያጠፍኩ እኖራለሁ ማለት ነው። ከእንግዲህ ቢከፍቱትም ቢዘጉትም ለእኔ ለውጥ የለውም።

መስመርዎ ከቶ እንዳይቋረጥ፣ የእናትዎ ጥሪም ከእርስዎ በቀር በማንም እንዳይነሣ የሚመኝልዎ፣

ትሑት እንግዳዎ ሳሚር
ጅግጅጋ፣ ጳጉሜን 2012

ማስታወሻ፦ ሰዎች ቢሮዎ ያልዘጋውን ሁሉ ያዳምጣል እያሉ ያሟችኋል። ድሮ ይህን ሲያወሩ እቆጣ ነበር፤ ዛሬ ግን እውነት እንዲሆን እየጸለይኩ ነው። ያንን ጥሪ ቀድታችሁት ከሆነ እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ ያሰሙኝ። ዐረብኛውን እኔው እተረጉምላችኋለሁ።