አውድማው ዳር የቀረው ጫማዬ

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ከመናኸሪያው ሳልወጣ የመመለሻ ትኬት ቆረጥኩ፤ ለእሑድ፣ ለሁለት ሰው። ለልጄ ለሐያት አልነገርኳትም። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስትስመኝ በምን አንደበቴ ልንገራት?

ልጄ የሒሳብ ሥራ ተምራ ስታበቃ ነው ሥዕል ውስጥ የገባችው። አሁን አንድ ሥራዋን ሙዚየም ተቀብሎላታል፤ «እማዬ፣ ሳታዪልኝ አይሆንም» ብላ ጠራችኝ። አባቷ ደግሞ እዚያው አገራችን ቆቦ የቢሮ ሥራ አግኝቶላታል። ስወጣ «ሄደሽ እዪው። ቁም ነገር ከሆነ ትቀመጥ፣ ጨዋታ ከሆነ ይዘሻት ነይ» አለኝ። እኔማ ጨዋታ ነው ብዬ ጨርሻለሁ። አልጋዋን የት እንደምንዘረጋ ሁሉ አስቤያለሁ።

ቅዳሜ

ሙዚየሙ ውስጥ ሰማያዊ ሸራ ተሰቅሏል። ሰማያዊ ብቻ፣ ሌላ ምንም የለበትም።

«ሊጀመር ነው?» አልኳት።

«አልቋል፣ እማዬ።»

ቀጥሎ የተጣመመ ብረት። «ይሄማ ቆቦ ጎሚስታው በር ላይ ሞልቷል» ስላት ሳቀች። እጇ ግን እጄ ውስጥ አልቦታል። እኔን ፈርታ ነው።

ከዚያ የእሷ ክፍል። ሥዕል የሚባል የለም፤ ግድግዳው ባዶ። ወለሉ ላይ በሰፊው፣ ክብ ሆኖ እበት ተለቅልቋል፤ መሐሉ ላይ ቀይ ማሽላ ተከምሯል። በቃ ይኸው ነው። ሽታው ግን የመኸር ሽታ፣ የቆቦ ሜዳ ሽታ።

«እትዬ፣ እትዬ፣ ወደ ውስጥ አይገባም» ሲለኝ ነው የነቃሁት፣ ጥበቃው። አልገባሁም እኮ። ጫማዬን አውልቄ ዳሩ ላይ ቆሜያለሁ። «እኛ ጋ እህል ያለበት አውድማ በጫማ አይረገጥም፣ ልጄ» አልኩት። ወላሂ፣ ላውልቅ ብዬ አላሰብኩም፤ እግሬ ከልጅነቱ ለምዶት ነው።

ዞር ስል ሁለት ሴቶች ከጫማዬ ጎን ጫማቸውን እያወለቁ ነው። ከኋላቸው ክራቫት ያሰሩ ሽማግሌ የጫማቸውን ክር ይፈታሉ። ደንቡ መስሏቸዋል። ሐያት ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች።

«አንድ ነገር ይጎድለው ነበር፣ እማዬ። ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው የከረምኩት።»

የሙዚየሙ ኃላፊ መጥታ አየችና ጫማዬ እዚያው እንዲቆይ ለመነችኝ። ተውኩላት።

እሑድ፣ ደሴ

በሐያት ነጠላ ጫማ ነው የምጓዘው፤ ግማሽ ተረከዜ ውጭ ነው። ጠዋት መናኸሪያ ሁለቱን ትኬት አየቻቸው። አየችኝ። «ሁለተኛው የማን ነው?» አለችኝ።

«የቦርሳዬ።»

ቦርሳዬም አልተቀመጠበትም። ወደ ጎብዬ የምትሄድ ሴት «ሰው አለው?» አለችኝ፤ «ነበረው፣ ተቀመጪ» አልኳት። እስከ ደሴ ድረስ ሁሉንም ነገርኳት፣ ወደደችም ጠላችም።

አሁን የጨነቀኝ አባቷ ነው። ሥዕል አየሁ እንዳልል ሥዕል የለም።

ሰኞ፣ ቆቦ

ገና ከባጃጅ ስወርድ አባቷ እግሬን አየ።

«ጫማሽስ?»

«አውድማ ዳር።»

«የማን አውድማ?»

«የልጅህ።»

ሙዚየሙ ውስጥ ያየሁትን ነገርኩት። ማሽላው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀይ፣ አልኩት። እበቱን ማን ለቀለቀው? ራሷ፣ በእጇ። ምሳውን በልቶ ለሶላት ወጣ። ከሶላት ሲመለስ በሩ ላይ ቆመና፣

«ጫማሽን መቼ ነው የሚመልሱልሽ?»

«ትርዒቱ ሲያልቅ ነው ያሉኝ።»

«እንግዲያ እስኪያልቅ ትቀመጥ።»

አልሐምዱሊላህ። የቢሮውን ሥራ አላነሳም፤ እኔም አላስታወስኩትም። ይሄን ስጽፍ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የዒድ ጫማውን ይወለውላል። ዒድ ገና ሩቅ ነው። የት ልትሄድ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።