ግፊትህ ወርዷል

ውድ አባዬ፣

ግፊትህ ወርዷል። የደም ግፊትህ መቶ ሠላሳ በሰማንያ ሆኗል። በሕይወት ሳለህ እንዲህ ጤነኛ ሆነህ አታውቅም።

በአንተ ጊዜ የመንግሥት ጤና መድን የሚከፍለው ለታመመ ብቻ ነበር። አንተ ከሄድክ በኋላ ስልሳ የሞላው ሁሉ ሳይታመም በነጻ ይመርመር ተባለ። እኔ መድኑ ቢሮ ስልክ ደዋይ ነኝ፤ ለአረጋውያን ቀጠሯቸውን አስታውሳለሁ። አንተ ብትኖርም አትመጣም ነበር። "ሞት እንደሆነ አድራሻ አይጠፋውም፤ ምን ወስዶኝ ሐኪም ቤት እጠብቀዋለሁ?" ትል ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ያ ሳቅ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከሦስት ወር በፊት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከዝርዝሩ አንድ ቁጥር ደወልኩ። ጣቴ አውቆታል፤ እኔ ገና ነበርኩ።

"አቤት" አለ።

ድምፅህ ነበር።

ዘጋሁት። መዝገብህን ከፈትኩ። ያኔ ከሞትክ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖህ ነበር፤ መዝገቡ ግን በቅርቡ መጥተሃል ይላል። መቶ ሰባ በመቶ አሥር። ክኒን ተሰጥቶሃል። ቀጣይ ቀጠሮ፣ ረቡዕ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሟችን ለማሰረዝ የቅርብ ዘመድ ቅጽ ይፈርማል። ሰውን ሁሉ "ዛሬውኑ ፈርሙ" የምለው እኔ፣ ያንተን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ብፈርም የምገድልህ መሰለኝ።

ረቡዕ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ነርሷ የካርድህን ቁጥር ጠራች። ከፊቴ ካፖርትህ ተነሣ። ክርኑ ላይ በማይመስለው ክር የጣፍኩት። ግራ እግርህን ጎተት ማድረግህ ሳይቀር። 

ሲወጣ ፊቱን አየሁ። ታናሽ ወንድምህ ነው። ከሐዘኑ በኋላ ልብስህን ጠቅልዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ኪሱን አልፈተሽኩም። ስልኩም ካርዱም እዚያው ነበሩ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?"

"ቀስ በይ። እዚህ እኔ እሱ ነኝ።"

"ስልሳ አልሞላዎትም እኮ።"

"ሁለት ዓመት ቀረኝ። ወንድሜን የጣለው በሽታ ዕድሜ ይጠይቃል? ጠዋት ስነሣ ጆሮዬ ይጮኻል። እሱም እንዲህ ይለኝ ነበር።" ካፖርቱን ጎተት አደረገ። "መጀመሪያ ሰፍቶኝ ነበር። አሁን ልክ ሆነ።"

አልሳቀም።

ነርሷ ብቅ አለች። "አባት፣ ደስ ይበልዎ፣ ግፊትዎ ወርዷል። ክኒኑን ብቻ እንዳያቋርጡ።"

ዓርብ አለቃችን መጣ። "በስልክ ያላገኛችሁት ሰው ካለ እንደ ሞተ ተቆጥሮ ይሰረዛል" አለ። የነጻ ምርመራው ዕድሜ ወደ ሃምሳ አምስት ይውረድ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ መቼ እንደሚጸድቅ የሚያውቅ የለም። የአለቃችን ዓይን እኔ ላይ አረፈ።

"የኔዎቹ ሁሉም አሉ" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ መሳቢያውን አልከፈትኩም። አንዳንዴ ግን ወረቀቱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የምሰማ ይመስለኛል።

ትናንት ደግሜ ደወልኩ።

"አቤት።"

"አባዬ፣ ቀጠሮህ ረቡዕ ነው።"

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ፣ "እመጣለሁ፣ ልጄ።"

ዕድሜ ልክህን "እመጣለሁ" ብለኸኝ አታውቅም።

እሱ ስልሳ እስኪሞላው፣ ወይ ሕጉ እሱ ዘንድ እስኪደርስ፣ ትንሽ ታገሠኝ። አትሙትብኝ።

ያልፈረመችው ልጅህ