በሚያብረቀርቀው ፊቱ ማህተም ስላረፈበት ሲዲ

መጋቢት 24 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ወልደ ሚካኤል
የቀበሌያችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎም፣ ወንበርዎም፣ የስብሰባ ፕሮግራምዎም እንደተለመደው የተሟሉ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በመሳለሚያ በሁለት ኮምፒውተር ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ ሦስት ልጆች የማሳድግ ነጋዴ ነኝ። የጽሕፈት ሱቆች ሁሉ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ያውም ከክፍልዎ በሚታደለው ሲዲ ብቻ እንዲጭኑ፣ እምቢ ያለ ሱቅ ሚያዝያ 30 እንደሚታሸግ የሚገልጸው መመሪያዎ ደርሶኛል። ከተሰረቀ ሶፍትዌር በነጻ የተሰጠ ይሻላልና በሐሳቡ ተደስቻለሁ። ምስጋናዬ ከበዛ ግን ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

1ኛ. ሲዲው ሐሰተኛ እንዳይባል በክብ ማህተም እንዲረጋገጥ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ማህተሙ በጉልህ እንዲታይ በሚያብረቀርቀው፣ መረጃው በሚነበብበት በኩል ስላረፈ፣ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ጠፍቶት ሲያጉረመርም ይውላል። በአልኮል ላስለቅቀው ብዬ ባማክር፣ ማህተም ማጥፋት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ባልደረባዎ በትሕትና አስረድተውኛል።

2ኛ. ማህተሙ ወደ ጠርዝ ያመለጠ አንድ ሲዲ ተውሼ ብሞክር፣ ውስጡ ያለው የ1996 ዓ.ም. ሆኖ አምና የገዛሁትን ኮምፒውተር ጨርሶ አላወቀውም። ሊኑክስ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ አዲሱን ሲዲ የሚያጸድቀው ኮሚቴዎ በዓመት አንዴ ይሰበሰባል፣ እሱም ምልዓተ ጉባኤ ከሞላ።

3ኛ. ለጀማሪ እንዲመች የታተመው መመሪያ አርባ ገጽ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ አማርኛው የእርስዎ መልእክትና ፎቶግራፍ ያሉበት የፊተኛው ገጽ ብቻ ነው። ፎቶው አምሮብዎታል። ይሁንና የዕድራችን ጸሐፊ እትዬ በለጥሻቸው፣ የአባላት መዝገብ በያዘው ኮምፒውተር ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ ተብለው በማያውቁት ቋንቋ ሲጠየቁ፣ እንግዳ ላለማስቀየም እሺ የሚለውን ተጫኑ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕድራችን በሕይወት ያለም የሞተም አባል የለውም።

በዚህ መሃል የአብነት ሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ፉርቃን፣ ማንም ሳይሾመው፣ አዲስ የሊኑክስ ዕትም በወጣ ቁጥር ከኢንተርኔት አውርዶ በሲዲ እየገለበጠ፣ ከአንዲት ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ ጋር ይሰጠናል። ማብራሪያዋ አስጊው ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ፋይልህን ገልብጥ ትላለች። እትዬ በለጥሻቸው በእሷ እየተመሩ ብቻቸውን ጫኑ፤ የእኔም ኮምፒውተሮች ተነሱ። ተቆጣጣሪዎችዎ ግን ማህተም የለውም ብለው ሲዲውን ወረሱት፤ የሠራውን አጥፍቼ የማይሠራውን እንድጭንም አዘዙኝ። እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁ፤ የልጆቼ እንጀራ ነው የሚታሸገው። ስለዚህ ሲዲው እንዲመለስልኝና ፉርቃን ሥራውን እንዲቀጥል እንዲፈቅዱለት በአክብሮት እለምናለሁ።

ዕድሜዎን እንደ ኮሚቴዎ ስብሰባ ያርዝምልን።

ሀፍሷ ሙናዊር
እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ የጽሕፈት ሱቅ ባለቤት

ማስታወሻ፦ የክፍልዎ ኮምፒውተር የራሳችሁ ሲዲ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ ስላልተነሳ፣ ሱቄ እንደሚታሸግ የሚያስጠነቅቀውን ደብዳቤ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ማዕረግ እኔው ጋ አምጥተው፣ እኔው ጽፌላቸዋለሁ፤ ሁለት የፊደል ስህተትም አርሜያለሁ። የማሸጊያውን ቃለ ጉባኤ ግን ቀደም ብለው ቢልኩልኝ ደግ ነው፤ ሱቁ ከታሸገ በኋላ የሚጽፍልዎት አያገኙም።