ጋቢው ያልተውለበለበ ቀን

እሑድ፣ ሚያዝያ 9፣ ማለዳ
ቁርስ ቂንጬ። ጥርስ ለሌለን የተፈጠረ። አንቺም ደብተሬ፣ ፊደሎቼ ወፍረውብሽ ከሆነ ቻይው፤ ዓይኔ ከገና ወዲህ ወተት ወተት ይልብኛል። ለሰው እንዳትነግሪ።

የልጅ ልጄ ሕይወት አብራሪ ልትሆን ነው። ነገ ብቻዋን አገር አቋራጭ ትበራለች። የቀራት እሱ ብቻ። ደንቡን ትናንት ማታ አስረዳችኝ፦ የምትሄድበት ከተማ በቀጥታ መስመር ተለክቶ ሩቅ መሆን አለበት፤ እዚያም ማረፍ አለባት። ሳታርፍ ከተመለሰች ቀኑን ሙሉ ብትበርም አገር አቋራጭ ተብሎ አይቆጠርላትም። ታዲያ እንደ ለቅሶ ነዋ አልኳት፤ ድንኳን ገብተው ካልተቀመጡ፣ በበር ማለፍ ለቅሶ መድረስ አይባል። ሳቀች።

በሰፈራችን በአቃቂ በኩል ብቅ በይ አልኳት። ከመስመር መውጣት ክልክል ነው አለች። ፈሪ፣ በጋሪ ሂጂ እንግዲህ እያልኩ እራት እስኪያልቅ ጎነተልኳት። ተሸነፈች። እኔ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሜዳው ላይ እቀመጣለሁ፤ ሳያት ጋቢዬን አውለበልባለሁ፤ እሷ መንገዷን ትቀጥላለች።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 10፣ ቀን 6 ሰዓት
ሜዳው ላይ ብቻዬን። የእድሩ ሰዎች ኮዬ ፈጬ ቀብር ሄደዋል። ጋቢው ጉልበቴ ላይ። ወፍጮው ያጓራል፤ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ሰማዩ ነጭ፣ ሁሉም ነጭ። የለችም። ፈርታ ቀርታለች። የሳምንት ፌዝ አዘጋጅቼላታለሁ።

ያው ሰኞ፣ ምሽት
ፌዙ ቀረ።
መጥታ ነበር። አናቴ ላይ ዞረች፣ ዝቅ ብላ ደግማ ዞረች። እኔ ንቅንቅ የለም። “የሞቱ መስሎኝ ነበር አባባ” አለችኝ። ጥላኝ መሄድ አቃታት። ሳል ጎንበስ ሲያደርገኝ አይታ ነው አለመሞቴን ያወቀችው። በዚህ መሀል ረፈደባት፤ ስትደርስ ከተማው በዝናብ ደመና ተዘግቷል። ሳታርፍ ተመለሰች። አይቆጠርም።

እሱ ብቻ ቢሆን። የት/ቤቷ ሰዎች ለምን ከመስመር ወጣሽ ብለው ከበረራ አገዷት። ዓርብ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ሊያባርሯትም ይችላሉ።

ለምን አላውለበለቡም አለችኝ። እንቅልፍ ጣለኝ አልኳት። አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 12፣ ከሰዓት
እህል አልቀመሰችም። አሠልጣኟ ምክንያትሽን ተናገሪ፣ ዝም ካልሽ አያዝኑልሽም ብሏታል። ምን ትበል? አያቴ ተኝተው ነው? “በእርስዎ አላሳብብም” ብላ በሯን ዘጋች። ጎረቤቴ ጋሽ ደበበ ደግሞ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ልጅቷን ምን አደረግሃት ይለኛል። ቀልድ አጣሁለት።

የዓይኔን ነገር ብነግራት ት/ቤቱን ትታ እኔን ልጠብቅ ትላለች። አውቃታለሁ። ለዚህ ነበር ዝም ያልኩት። አሁን ግን በዝምታዬም ልታጣው ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 13፣ ምሽት
ነገ ነው። እንዳይመጡ ብላኛለች። አብሬያት እሄዳለሁ። በበር አልፌ አልመለስም፤ ገብቼ እቀመጣለሁ፣ ለምን እንዳላውለበለብኩ እነግራቸዋለሁ።

እሷ ግን ከነሱ ቀድማ ማወቅ አለባት። የት/ቤቱ መግቢያ ላይ ደረጃ አለ ይላሉ። እዚያ ስንደርስ ክንድሽን ስጪኝ፣ አይታየኝም እላታለሁ። ሳልቀልድ።