ውሃ የወረሰው ጉድጓድ

ጥር 11 ቀን፣ ከቤት

ይድረስ ድንበር ተሻግሮ ከሰል ለሚቆፍረው ልጄ፤

እንዴት ከርመሃል? እኔ አለሁ። የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን አስተማሪዋ ናት። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

የከሰሉ ባቡር ከቀረ ሦስት ሳምንት ሆነው። አንተ ያለህበት አገር ሰዎች "ብርዱ ጠንክሯል፣ ለራሳችንም አልበቃን" ብለው መላክ አቆሙ። አልፈርድባቸውም፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይባሉ ነው። እኛ ግን የመብራት ማመንጫችን ቆሟል፤ ሰው ካፖርቱን ለብሶ ይተኛል።

ትናንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ተልኮ መጣ። "አባባ፣ የድሮው የከሰል ጉድጓድ በስንት ሳምንት ይከፈታል?" አለኝ።

"ሱቅ መሰለህ እንዴ?" አልኩት። ሳቀ። አፋፉ ላይ ወስጄ ጠጠር ጣልኩለት። እጄን ሳልሰበስብ ውሃ ሲመታ ተሰማ። ሳቁን ዋጠው።

"ውሃውን ይስብ የነበረውን ፓምፕ ማን አጠፋው?" አለኝ።

"እኔ።"

ለባዳ ጥፋቴን አምኜ ለልጄ አለማመኔ አሳፈረኝ። ንግዱ ክፍት ሲሆን፣ የጎረቤት ከሰል ረከሰ ሲባል እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ርካሽ ማን ይጠላል? መግዛቱን እንግዛ፣ ውሃው ግን መሳቡን አያቁም ያልከው አንተ ነህ። "አባዬ፣ ሻጩ አንድ ቀን እምቢ ይላል፤ ያኔ ጉድጓዱ ሰጥሞ ይጠብቀናል" ብለህ እጄን ያዝከኝ። "የፓምፑ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ ታዝዣለሁ" ብዬ ገፈተርኩህ፤ ማጥፊያውን በዚሁ እጄ አወረድኩት። ሥራ አጥተህ ወደዚያ ስትሄድ ደግሞ ከሃዲ አልኩህ። ሰባት ዓመት ስምህን በቤቴ አላስነሳሁም። እናትህ ስምህን እንደናፈቀች አረፈች።

አንተ ደግሞ በላክኸው ደብዳቤ "ይቅር በለኝ" ትላለህ። ምን አድርገህ? ይቅርታ ጠያቂው ሌላ ነው። ከዚህ በላይ አላውቅበትም።

አስተማሪዋ "ሳሉንስ አትነግረውም?" ትለኛለች። አያገባሽም ብያታለሁ። ሠላሳ ዓመት አቧራ የዋጠ ደረት ዝም አይልም፣ ሌላ ነገር የለውም። ሐኪሙም ቢሆን ብዙ ያወራል።

ና አልልህም፤ ሥራህን አትተው። ከመጣህ ግን ክረምት እስኪገባ አትጠብቅ።

የጉድጓዱን ጣሪያ በመዶሻ መታ መታ አድርገህ ድምፁን ሳትሰማ ከሥሩ አትግባ። የገባህበት ጉድጓድ ሁሉ በደህና ይመልስህ።

አባትህ

ፊርማው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው። የተንሻፈፈው ወረቀቱ ተንሸራቶ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።