መደበቂያችሁን አስቀድማችሁ አስመዝግቡ

ለተከበሩ የሰፈራችን ስካውቶች ማኅበር የትምህርት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኛ፣ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሣቅ ስለተገላገሉልን፣ ደኅና ነን። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ፣ የስካውቶቹን የአንገት ሻርፕ የሰፋሁት፣ የአንዷም ስካውት እናት የሆንሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። ጨዋታ ሁሉ ትምህርት ይሁን የሚለው መመሪያዎ ከወጣ ወዲህ የዋሉልንን ውለታ ሳላነሣ ብቀር ነውር ይሆንብኛል።

አንደኛ፣ ድንኳኑን ስላተረፉልን እናመሰግናለን። ቀድሞ ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲተክሉት፣ ሲወድቅባቸው፣ ከሥሩ ሆነው ሲንጫጩ ይውሉ ነበር። ዛሬ ድንኳኑ እንደታጠፈ አዳራሹ ጥግ ተቀምጦ፣ እነሱ የድንኳኑን ክፍሎች ስም ከጥቁር ሰሌዳ ይገለብጣሉ። ልጄ በድንኳን ፈተና አንደኛ ወጥታለች፤ ካስማ ግን በእጇ ነክታ አታውቅም።

ሁለተኛ፣ ድብብቆሽን ፈር አስይዘውልናል። መጀመሪያ ዓላማው ይነበባል፤ ቀጥሎ ለክትትል እንዲያመች እያንዳንዱ ልጅ የሚደበቅበትን ቦታ ያስመዘግባል፤ ፈላጊውም ዝርዝሩን ይዞ ይዞራል። እውነት ለመናገር፣ እስካሁን የጠፋ ልጅ የለም። የተፈለገም የለም።

ሦስተኛው የራሴ ነው፤ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። ልጄ ሰው የምትፈራ፣ ከጉያዬ የማትወጣ ልጅ ነበረች። አፏን የፈታላት የዚያ ሜዳ ጫጫታ ነው። ባለፈው ሳምንት ሻርፗን አጣጥፋ ስፌት መኪናዬ ላይ አኖረችና፣ ትምህርት ቤትማ አለኝ ብላ ጥጓን ያዘች። አንጀቴን በላችው። እኔም እኮ የምልካት እንድትማር ነው፤ ነገር ግን ዓይን ሊኩሉ ዓይን ማጥፋት ይሉ የለ? ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ድንኳኑ በላያቸው ይወድቅ ዘንድ እንዲፈቅዱ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመመሪያዎ ግን አጭር ዕድሜ ከልቧ የምትመኝ፣
አክባሪዎ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከስፌት ቤቴ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ጥቂት ልጆች በአሮጌ መጋረጃዬ ድንኳን መትከል ይዘዋል። ልጄም ትናንት ወጥታ ተቀላቀለቻቸው። ሲጫወቱ በስህተት ገመድ መቋጠርን ተምረዋል፤ ስለ ጥፋቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሁሉ ይልቅ የምትጮኸው የእርስዎ ታናሽ ልጅ ናት። ለአባቷ እንዳልናገርባት አስምላኛለች፤ እባክዎ ይህን ሲያነብቡ እንዳላወቁ ይሁኑልኝ።